ሐይቁን በጠዋት፣ እይታውን ከሰዓት በኋላ፦ አርባ ምንጭን በቅጡ ለማየት

አርባ ምንጭ ደርሰው የተመለሱ ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አዞ ገበያ ድረስ ሄደን ሁለት አዞ አይተን ተመለስን»፣ «የሐይቁ ፎቶ በሙሉ ነጭ ሆኖ ወጣብን»፣ «ዶርዜ ስንወጣ ጉም ጠበቀን»። የሦስቱም ችግር ሰዓት ነው። እዚህ ከተማ የሚታይ ነገር ሁሉ የየራሱ ሰዓት አለው። የጫሞ ሐይቅ ጀልባ የጠዋት ነው፣ ከሴቻ ገደል ላይ ያለው እይታ የከሰዓት በኋላ፣ ደጋ ላይ ያለው የሸማኔዎች መንደር ዶርዜ የረፋድ፣ የነጭ ሳር ፓርክ ሜዳ ደግሞ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ይህን ይዛችሁ ከመጣችሁ 3 ቀን ይበቃችኋል፤ ሜዳውን ከጨመራችሁ 4። ሰዓቶቹን የጻፍኩት በሀገራችን አቆጣጠር ስለሆነ ከውጭ የምትመጡ 6 ሰዓት ጨምሩበት።

መጀመሪያ አቀማመጡን ያዙ፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። ከተማዋ ሁለት ናት፦ ላይ ገደሉ አናት ላይ ሴቻ፣ ታች ሜዳው ላይ ሲቀላ። በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት አለ፣ ባጃጅና ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበታል። ከበስተ ምዕራብ የጉጌ ተራሮች ቆመዋል፤ ከበስተ ምሥራቅ አባያና ጫሞ ተኝተዋል። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ትልቁ ነው፣ በሀገሪቱ ደግሞ ከጣና ቀጥሎ ይቆጠራል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው በደን የተሸፈነ ጠባብ ከፍታ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ ተጉዛችሁ የምትደርሱባት ጨንቻ 2,700 ሜትር ላይ ናት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ታች በላብ የረጠበው ሸሚዝ፣ ጨንቻ ስትደርሱ ያንቀጠቅጣችኋል። በአንድ ቀን ሁለቱንም ለማየት የሚወጣ ሰው ሹራብ ሳይዝ ከቤት አይውጣ።

ማደሪያ ስትመርጡ ከዚሁ ተነሡ። ሴቻ ነፋሻ ናት፣ ሐይቆቹን ከመኝታ ቤት ማየት የሚቻልባቸው ሎጆችና ሆቴሎች ገደሉ ጫፍ ላይ ናቸው። ሲቀላ ይሞቃል፣ ትንኙም ይበዛል፤ ነገር ግን ገበያው፣ መናኸሪያውና ርካሽ ምግብ ቤቱ እዚያ ነው። በአውቶቡስ መጥታችሁ ጎህ ሲቀድ የምትመለሱ ከሆነ የመጨረሻዋን ሌሊት ሲቀላ እደሩ። የትም ብታድሩ አካባቢው ወባ አለበትና አልጋው አጎበር እንዳለው፣ አጎበሩም ቀዳዳ እንደሌለው ብር ሳትከፍሉ እዩ። ገደሉ ጫፍ ላይ ያሉት ማደሪያዎች ዝንጀሮና ጦጣ ይጎበኛቸዋል። በረንዳ ላይ ሙዝ አስቀምጦ መታጠቢያ ቤት መግባት ማለት ሙዙን ሰጥቶ መሄድ ነው፤ መስኮትም ቢሆን ዝጉ።

የደረሳችሁ ዕለት ሌላ ነገር አትጀምሩ። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑን ይበላል፤ ጎህ ሳይቀድ ካልተነሡ ከሶዶ ወዲህ ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨለማ ላይ ይወድቃል፣ በጨለማ ደግሞ መንገዱ ላይ የሚነዳ ከብት አይታይም። በሻሸመኔ በኩልም ይመጣል፣ ይረዝማል። ከመነሣታችሁ በፊት የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ ያደራችሁበትን ሆቴል ወይም የመናኸሪያ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ የስልክ ካርታ የማያውቀውን እነሱ ያውቁታል።

ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ቀጥታ ሴቻ ገደሉ ጫፍ ሂዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሐይቆቹ በምሥራቅ ስለሆኑ ጠዋት ፀሐይ ከእነሱ በላይ ወጥታ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፣ ውሃው ይነጣል፣ ካሜራም ሆነ ስልክ ቀለሙን አይይዘውም። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከኋላችሁ፣ ከጉጌ በኩል ስለምትመጣ ብርሃኑ በሙሉ ሐይቆቹ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የእግዜር ድልድይን በመካከል አድርጋችሁ ግራና ቀኙን እዩ፦ በግራ ያለው አባያ እንደ ሻይ በወተት ቀልቷል፣ በቀኝ ያለው ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የአባያ ቅላት ጭቃ ነው። ቢላቴን የመሰሉ ወንዞች ከደጋው የሚያጥቡትን አፈር ይጨምሩበታል፤ ሐይቁ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይታመሳል፣ ደቃቁ አፈር የመዝቀጫ ጊዜ አያገኝም። ንጋቱን ማየት የምትፈልጉ ከ12 ሰዓት በፊት ተነሥታችሁ ያው ቦታ ተቀመጡ፤ ግሩም ነው፣ ብቻ የሁለቱን ቀለም ልዩነት ያኔ አትፈልጉት። ደረቁ ወቅት እየገፋ ሲሄድ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ አቧራው አየሩን ያደበዝዘዋል። ዝናብ ካጠበው ማግስት ግን ከማዶ ያለው ተራራ ሳይቀር ቁልጭ ይላል።

ሁለተኛው ቀን የጫሞ ነው። የጀልባው ጉዞ የከተማዋ ዋና ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ኩልፎ ወንዝ ጫሞ የሚገባበት አካባቢ ነው። ስሙን ያገኘው አዞዎቹ ዳር ወጥተው ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ ነው እንጂ የሚሸጥ የሚገዛ የለም፤ ይህን ያልሰማ እንግዳ ቆዳ ልግዛ ብሎ ይጠይቃል። ወንዙ ደለልና ምግብ ይዞ ሲገባ ዓሣ ይሰበሰባል፣ ዓሣ ባለበት ደግሞ አዞና ወፍ አለ። አዞ ሰውነቱን በራሱ ማሞቅ የማይችል እንስሳ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ አሸዋው ላይ ይወጣል፣ በደንብ ሲሞቅ አፉን ይከፍታል፣ ሙቀቱ ሲብስበት ወደ ውሃ ይመለሳል። አፉን ከፍቶ ሲተኛ ብዙ ሰው ሊበላኝ ነው ይላል፤ እያበረደ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ምርጡ ሰዓት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ነው። እዚያ 3 ሰዓት ላይ ለመድረስ ከጀልባው ማቆሚያ 2 ሰዓት ላይ መነሣት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ከከተማ 1 ሰዓት ላይ መውጣት አለባችሁ፣ ምክንያቱም በመካከል ክፍያና ወረፋ አለ። 4 ሰዓት ላይ ቁርስ ጨርሶ የሚነሣ ቡድን የሚደርሰው አዞዎቹ ሲገቡ ነው።

ከሰዓት በኋላ የማልመክረው ስለ አዞው ብቻ አይደለም። ሐይቁ ላይ ቀትር ካለፈ ነፋስ ይነሣል፣ ጫሞም ይናወጣል። ጀልባዎቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ማዕበሉ በጎን ሲመታ ውሃ ይገባል፣ ሞተሩም ይለፋል፣ መመለሻው ይረዝማል። አመሻሽ ላይ የሚሄዱም አሉ፣ ብርሃኑ ያምራል፤ ነፋሱ ካልበረደ ግን ባለጀልባው «ይቅር» ሲል አትከራከሩት።

ክፍያው ሁለት ቦታ ነው። ቦታው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ስለሆነ የመግቢያ አለ፣ ጀልባው ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። የጀልባው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚተመነው ለጀልባው ስለሆነ ሁለት ሰው ብቻችሁን ከሆናችሁ ሆቴላችሁ ውስጥ ማታውኑ ሌሎች እንግዶችን ጠይቁና ተቀላቀሉ። መታወቂያ ያዙ፣ የዜጋና የውጭ ሰው ዋጋ ይለያያል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ያላችሁም ይዛችሁ ኑና ከመክፈላችሁ በፊት አሳዩ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ መንገድ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ጥሬ ብር በዝርዝር ይኑራችሁ።

ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር በዓይናችሁ እዩ። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን፣ ቁልፉም የሚዘጋ መሆኑን፤ ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ በራሱ ላይ ይወጣል። መቅዘፊያ መኖሩን፤ ሞተር ቢጠፋ ጉማሬ መካከል ቆሞ መጠበቅ የለም። ነዳጁ ለደርሶ መልስ መብቃቱን። አፍሮ ዝም ማለት አያስፈልግም፣ ጥሩ ባለጀልባ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ችግር ከተሳፋሪው ነው የሚመጣው። ትልቅ አዞ ሲታይ ሁሉም ተነሥቶ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ጀልባውም ያጋድላል። ተቀምጣችሁ እዩ፣ ባለጀልባው ራሱ አዙሮ ለሁለቱም ጎን ያሳያችኋል። ሞተሩን ከሩቅ እንዲያጠፋና ጀልባው በራሱ እንዲንሳፈፍ ጠይቁት፤ በሞተር ተጠግቶ የሄደ ሰው የሚያየው የአዞ ጭራ ብቻ ነው። እጃችሁን ከጀልባው ውጭ አትንጠልጥሉ፣ ዓሣ የቆረጠ እጅም ሐይቁ ውስጥ አትታጠቡ። የጫሞ አዞዎች ከ5 ሜትር የሚበልጡ አሉ፣ ከግንድ ለመለየት ዓይን ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል።

ጉማሬው ግን ከአዞ ይልቅ ያስፈራል። ውሃ ውስጥ ያሉት ጉማሬዎች ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ሲታይ የዋህ ይመስላሉ፤ ጀልባ በእነሱና በጥልቁ ውሃ መካከል ከገባ ግን መንገድ ተዘጋብን ብለው ይመጣሉ። ስለዚህ ባለጀልባው ርቆ ሲዞር ወደዚያ ቅረብ እያላችሁ ጉርሻ አትጨምሩለት። ማታም ከውሃ ወጥተው ሣር ስለሚግጡ ከ12 ሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር በእግር አይኬድም። ከወፉ ወገን ፔሊካን፣ አባ ኮዳና ዓሣ አዳኙ ንስር በብዛት አሉ። ንስሩን ለማግኘት ውሃ ዳር የደረቀ ዛፍ ጫፍ ላይ ነጭ ራስ ፈልጉ። አልፎ አልፎም ከቀላል እንጨት በታሰረ ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው መረብ የሚጥሉ ዓሣ አስጋሪዎች ታያላችሁ፤ እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ አዞው እዚያው ማዶ ተኝቷል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት በእጅ ጠይቋቸው፣ ሞገዱም እንዳይረብሻቸው ፍጥነት ይቀነስ። ሁለቱም ሐይቆች ለዋና አይሆኑም፣ በተለይ አባያ ድፍርስ ስለሆነ ከጉልበት በታች ባለ ውሃ ውስጥ እንኳ ምን እንዳለ አይታይም።

ከጀልባ ስትመለሱ ቀትር ይሆናል፣ ሙቀቱም ይበረታል። ይህ ሰዓት ለምንጮቹ የተፈጠረ ነው። ለከተማዋ ስም የሰጧት አርባዎቹ ምንጮች ከገደሉ ሥር፣ በፓርኩ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ። ደኑ የቆመው በከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ በደረቁ ወቅት ሲጠወልግ እነዚህ ትልልቅ ሾላዎች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ፣ ከሥራቸው ያለው አየርም ቀዝቃዛ ነው። ከሲቀላ በእግርም በመኪናም ይደረሳል፣ በእግር ከሆነ ከአስጎብኚ ጋር ሂዱ። ምንጩ ጋ ስትደርሱ ከድንጋዩ ሥር ውሃው ያለ ድምፅ ሲወጣ ቁልቁል እዩት፦ አሸዋውን ከሥር እየገፋ ትንንሽ ክብ ይሠራል፣ ውሃው እስከ ታች ጠርቶ ይታያል። ከተማዋ ከዚሁ ምንጭ ስለምትጠጣ በተከለለው በኩል ሳሙናም ሆነ ልብስ ይዞ መግባት ነውር ነው። ጉሬዛ ለማየት አንጋጥጣችሁ ዝም በሉ፤ ጥቁርና ነጭ ጭራው ከቅጠሉ መካከል ተንጠልጥሎ ይታያል። ዝንጀሮ ፊት ምግብ ከቦርሳ አታውጡ።

አዞ እርባታው አባያ ዳር ነው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እንቁላሉና ጫጩቱ ከጫሞ ተሰብስቦ ይመጣል፣ አዞዎቹም በዕድሜ ተለያይተው በግንብ ገንዳ ያድጋሉ፤ የሚረቡት ለቆዳ ነው። ልጆች ያሏችሁ ሂዱ፣ አዞን ከቅርብ በደኅና የሚያዩበት ቦታ ነው። አስጎብኚውን እንቁላሉ ያረፈበት ሙቀት ወንድ ወይም ሴት እንደሚያደርገው እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ጫሞን በጠዋት አይቶ ለመጣ አዋቂ ግን አዲስ ነገር አይጨምርም፣ ጊዜ ካጠራችሁ እለፉት።

ሦስተኛውን ቀን ለዶርዜ ስጡ። በሶዶው መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ሄዳችሁ ወደ ግራ ትገነጠላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዳገትና መጠምዘዣ ነው። በየመታጠፊያው አባያ እየሰፋ ከታች ይታያል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ በጣም ማለዳ ከሆነ ላይኛው ጉም ገና አልተገለጠም፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ተመልሶ ደመና ይሆናል፣ ዝናብም ሊያስከትል ይችላል። ከ4 እስከ 7 ሰዓት ያለው ነው የሚታመነው። ስትወርዱ በትንሽ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ብቻ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ይግላል።

መንገዱ ላይ ልጆች መኪና ሲያዩ እየጨፈሩና እየተገለበጡ ይከተላሉ። ብር ወይም ፕላስቲክ ጠርሙስ በመስኮት መወርወር ልጆቹን ጎማ ሥር ይከታቸዋል፣ ከትምህርት ቤትም ያስቀራቸዋል። ይህን ከልቤ ነው የምለምነው፦ አትወርውሩ። መስጠት የፈለገ ላይ ወጥቶ ከእናትና ከአባታቸው ጋቢ ይግዛ።

የዶርዜ ቤት ከሩቅ የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ደጁ ላይ ወጣ ያለው ክፍል እንደ ኩምቢ፣ ከላዩ ያሉት ሁለት የአየር ቀዳዳዎች እንደ ዓይን። የሚሠራው ከተጠለፈ ቀርከሃ ነው፣ አዲሱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። አሮጌ ቤት አጥሮ የምታዩት ምስጥ ከሥር ስለሚበላው ነው፤ የተበላው ይቆረጣል፣ ቤቱም በዓመታት ውስጥ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ ሙሉውን ጎጆ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ስትገቡ ጥቂት ቁሙ፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ምንም አይታይም። ጭሱ ሣርና ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል፣ ከብቱ በአንድ ወገን ታስሮ ሌሊት ቤቱን ያሞቃል። አስም ያለበት ሰው ደጅ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ቆጮውን ከመቅመስ በፊት ሲሠራ እዩ። እናቶች የእንሰቱን ግንድ ንብርብር ሽፋኖች ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቃሉ፤ ነጩ ውስጥ ከሥር ይከማቻል፣ እጅ ላይ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ይሆናል። የተፋቀው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል። ከዚያ ተጨምቆ፣ ደጋግሞ በቢላ ተከትፎ፣ በኮባ መካከል ተደርጎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። መከተፉ ሲጎድል ነው ጥርስ ውስጥ ክር ክር የሚለው። ከዳጣና ከማር ጋር ይቀርባል። ዳጣውን በጥቂቱ ጀምሩ። አረቄም ይመጣል፣ ሾፌሩ ግን ዳገቱን አስታውሶ ይተው።

ሽመናው የወንዶች፣ ፈትሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ ሽሮ ሜዳ የምትገዙትን ጥበብ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዚህ ሀገር ልጆች ናቸው። ጋቢ ስትገዙ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ድሩ፣ በቁመት የሚዘረጋው፣ የፋብሪካ ክር ቢሆን ችግር የለውም፣ ዋናው በአግድም የሚገባው ማጉ ነው፦ የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፣ ስትዳስሱትም ለስለስና ሞላ ያለ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ካለው የፋብሪካ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያ መሆን አለበት። ጋቢ አራት፣ ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጠርዙን ገልጣችሁ ቁጠሩ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ያለውን፣ ዱንጉዛ የሚባለውን ጨርቅ ስትወስዱ ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥባችሁ ቀዩን ጥረጉት፣ ቀለም ከለቀቀ ከነጭ ልብስ ጋር አይታጠብም። ከሸማኔው እጅ መግዛት ለእሱም ለእናንተም ይሻላል፣ ሁለት ቀን የተቀመጠበትን ሥራ በግማሽ ዋጋ መከራከር ግን ደግ አይደለም።

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ ቀናችሁን ከገበያ ጋር ካገጠማችሁ ከሁሉ ያማረውን ታያላችሁ። መስከረም ላይ የሚመጣ ሰው ደግሞ ማስቃላን ያገኛል። የጋሞ ሰው ዘመን የሚለውጠው በመስቀል ስለሆነ አዲስ አበባ ያሉት ሸማኔዎች በሙሉ ይገባሉ፤ ትኬትም አልጋም ከሁለት ሳምንት በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም። በየመንደሩ ዱቡሻ የሚባል የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ አለ፣ ሳይፈቀድላችሁ አትርገጡት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው ለበቀል የወጡትን ወጣቶች የመለሷቸው በዚሁ ባህል ነው፤ ሽማግሌ ሣር ይዞ ፊታችሁ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ይገባችኋል።

አራተኛ ቀን ካላችሁ ነጭ ሳር ሜዳ። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሜዳው ከእግዜር ድልድይ ማዶ ነው ያለው። ያለ ከፍ ያለ ፎር ባይ ፎር አይሞከርም፤ መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሁለት ትርፍ ጎማ ቢኖር አይበዛም። ሜዳው መረሬ አፈር ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብበት መኪና እስከ ሆዱ ይውጣል። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት፣ ጥቅምትም ቢሆን ከዘነበ፣ ተዉት፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። 12 ሰዓት ላይ ተነሡ፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ይዛችሁ፣ በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር ውሃ ጭናችሁ፤ ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለም። የሜዳ አህያ፣ የሜዳ ፍየልና አጋዘን አለ። ፓርኩ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዋና ምክንያት የነበረው ቆርኬ ግን እዚህ እንዳለ ተስፋ አድርጋችሁ አትምጡ፤ ለእሱ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ሂዱ። ወፍ የምትወዱ ደግሞ ይህን ያዙ፦ በ1990 እ.ኤ.አ. አጥኚዎች እዚሁ መንገድ ላይ ሞቶ ካገኙት ናይትጃር ከሚባል በሌሊት የሚበር ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ይዘው ተመለሱ፣ በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ።

ዓሣውን ሳትበሉ እንዳትሄዱ። ነጭ አሳ የሚባለው ትልቁ ነው፣ ሥጋው ወፍራምና አጥንቱ ጥቂት ስለሆነ ለኮትሌትና ለጉላሽ ይሆናል፤ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ያምራል፣ አምባዛ ይወፍራል። ምሳ ላይ ብሉ እንጂ ማታ አትጠብቁ፣ የጠዋቱ ዓሣ ያን ጊዜ ነው ትኩስ። ሙሉውን አሳዩኝ ማለት ይቻላል፦ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫን የሚመለስ ይሁን። ኮትሌቱ መካከሉ ጥሬ ሆኖ ከመጣ መልሱት፣ ዘይቱ በጣም ግሎ ውጭውን ቶሎ ስላበሰለው ነው።

የምትመለሱበት ቀን ሙዝ መንገድ ዳር ግዙ። አዲስ አበባ ድረስ ለመውሰድ ከሆነ ያልበሰለውን፣ ገና አረንጓዴውን ምረጡ፤ የበሰለው በመኪናው ሙቀት ሶዶ ሳትደርሱ ይጠቁራል። ማንጎ ከሥር አታድርጉ፣ ከሙዙም ጋር አትጫኑት፣ አንዱ ሌላውን ያበስለዋል። ዘለላውን ኮባ ጠቅልሎ እንዲያስርላችሁ ሻጩን ጠይቁት፣ ይህን እሱ ከማንም በተሻለ ያውቃል።